እማማ ያቃጠሏት መርፌ



ዛሬ የምጽፍላችሁ የራሴን ገጠመኝ ነው። ቤተሰቡ «ሌላው ይማርበት» ብለው ስለፈቀዱልኝ ስማቸውን ሳልጠቅስ አካፍላችኋለሁ።

መርጡለ ማርያም ተረኛ በነበርኩበት አንድ ማለዳ፣ አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን አዝላ እየሮጠች ገባች። ልጁ ጓሮ፣ አመድ ከሚደፋበት ቦታ በባዶ እግሩ ሲጫወት መርፌ ረግጧል። መርፌውን በጨርቅ ጠቅልላ አምጥታዋለች። የኢንሱሊን መርፌ ነው። የፕላስቲኩ ግማሽ ቀልጧል፣ ግማሹ እንዳለ ነው።

ከኋላዋ አያቱ ቀስ እያሉ ሲገቡ ነገሩ ገባኝ። የስኳር ታካሚዬ ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ ማርያምን! ሜዳ ላይ አልጣልኩትም። ምድጃ ውስጥ ከትቼ አቃጥዬው ነበር» አሉኝ እንባ እየተናነቃቸው።

እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ኢንሱሊኑን እንዴት እንደሚቀዱ፣ ሰውነታቸው ላይ የት እንደሚወጉ፣ መድኃኒቱን የት እንደሚያስቀምጡ አስተምሬያቸዋለሁ። ያገለገለውን መርፌ ምን እንደሚያደርጉት ግን አንድም ቃል አልነገርኳቸውም።

የልጁን እግር በሚፈስ ውሃና በሳሙና አጠብን፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ደገምንለት። የሕፃንነት ክትባቱን ጨርሶ ስለነበር የጉበት ቫይረስ ቢ መከላከያ አግኝቷል። መርፌው የማን እንደሆነ በመታወቁም አያቱ ለመመርመር ወዲያው እሺ አሉ። ኤችአይቪም፣ የጉበት ቫይረስም የለባቸውም። ሁላችንም እፎይ አልን።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀናም። የሄፓታይተስ ቢ ሕመምተኛ ደም ባለበት መርፌ የተወጋ ያልተከተበ ሰው በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 ከመቶ ይደርሳል። ለሄፓታይተስ ሲ ወደ 1.8 ከመቶ፣ ለኤችአይቪ ደግሞ 0.3 ከመቶ ገደማ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ይህ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን አልተከተብንም።

«ታዲያ እናንተስ የምታቃጥሉት አይደል?» አለኝ የልጁ አባት። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛ የምናቃጥለው ለዚሁ በተሠራ ማቃጠያ ነው። ደህና ማቃጠያ ሁለት ክፍል አለው፤ በመጀመሪያው ቆሻሻው ይነዳል፣ በሁለተኛው ጭሱ ራሱ ከ850 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቃጠላል። የምድጃ እሳት ግን አንዱን ጎን ሲያነድ ሌላውን ይተወዋል፤ የፕላስቲኩ ጭስም ለሚተነፍሰው መርዝ ነው። በማቃጠያውም ቢሆን ብረቱ አይጠፋም። ስለዚህ አመዱ ከነመርፌው በተዘጋጀ ጉድጓድ ይቀበራል እንጂ ጓሮ አይደፋም። ሁሉም ነገር ደግሞ አይቃጠልም። የእንግዴ ልጅ እርጥብ ስለሆነ የራሱ ጉድጓድ አለው፤ የአስም መንፊያ ቆርቆሮ ይፈነዳል፤ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር መርዛማ ተን ያወጣል።

ቤታችሁ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ካለ፦

✅ ያገለገለውን መርፌ ክዳኑን ሳትመልሱ ወዲያውኑ ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቱ። ባዶ የበረኪና ዕቃ ይሆናል።
✅ ላዩ ላይ «መርፌ» ብላችሁ ጻፉና ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ።
✅ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑን አጥብቃችሁ በፕላስተር አሽጉና በቀጠሯችሁ ቀን ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁ ኑ።
❌ ምድጃ፣ ሽንት ቤት ወይም ጓሮ አትጣሉ።

ልጅ መርፌ ከወጋው፦

✅ በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጠቡ። አትጭመቁ፣ በአፍ አትምጠጡ፣ በረኪና አታድርጉበት።
✅ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ውሰዱት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ካስፈለገ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና 28 ቀን መወሰድ አለበት። ቶሎ ሲጀመር ይሻላል።

አባትየው ሊወጣ ሲል «ዶክተር፣ የከብቱ መርፌስ?» አለኝ። እሱም እንደዚያው በወፍራም ዕቃ ተጠራቅሞ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ይመለሳል። «የሞተ ከብትስ እዚያ ይቃጠላል?» ሲለኝ ሳቅን። የእኛ ማቃጠያ በሬ አይችልም!

ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ከብት በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ቆዳውን አትግፈፉ፣ አትክፈቱት፣ ሥጋውን አትብሉ፣ ለውሻም አትስጡ። ሬሳው ሲከፈት ጀርሙ አየር ያገኝና አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የሚቆይ ዘር ይሆናል። ባለሙያ ጠርታችሁ በእሱ መሪነት እዚያው ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር።

እማማ አሁን በየቀጠሯቸው የበረኪና ዕቃቸውን በነጠላ ሸፍነው ያመጡልኛል። እኔም ኢንሱሊን ለጀመረ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የምጠይቀው «መርፌውን የት ሊያስቀምጡት ነው?» ብዬ ነው።

እናንተስ ቤት የት ነው የሚቀመጠው? ኢንሱሊን ለሚወጋ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይህንን አካፍሉልኝ። ጤና ይብዛላችሁ።