ፊሽካው ዝም ሲል

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ውሻ ነው። አዎ፣ ውሻ። «ቲቸር አበቃለት» ሳትሉ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ሚኒሶታ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ የላብራዶር ውሾች ሥልጠና ቪዲዮ ልኮልኝ፣ ይኸው ክረምቱን ሙሉ ስከታተል ከረምኩ። የነዚህ ውሾች ሥራ አዳኝ መትቶ የጣለውን ዳክዬ ከውሃ ውስጥ ማምጣት ነው። ዳክዬው ሲወድቅ ካዩ ቀላል ነው። ከባዱ ሳያዩ ሲቀሩ ነው። ያኔ የት እንዳለ የሚያውቀው አሰልጣኙ ብቻ ነው። ውሻው አቅጣጫ ብቻ ተሰጥቶት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘሎ ይገባል፤ አንዳንዴ ከ200 ሜትር በላይ ይሄዳል። ላላየው ነገር!

መንገዱ ደግሞ ብዙ ማባበያ አለው። ነፋሱ ከጎን ይገፋዋል። ዳርቻው ቅርብ ሲሆን ወጥቶ በየብስ መሮጥ ያምረዋል። ከመስመር ሲወጣ አሰልጣኙ አንዴ ፊሽካ ይነፋል። ውሻው እዚያው ውሃ ላይ ዞሮ ያየዋል፤ አሰልጣኙም ክንዱን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይዘረጋለታል፤ ሽቅብ ካነሳው «ወደ ፊት ቀጥል» ነው።

ይሄ በአንድ ቀን አይመጣም። መጀመሪያ በየብስ፣ በአጭር ርቀት፣ ምልክቱን አንድ በአንድ ይማራል። ቀጥሎ ትንሽ ኩሬ፣ ከዚያ ትልቁ። ግራ ሲጋባ ጥሩ አሰልጣኝ አይጮህበትም፤ ርቀቱን ያሳጥርለታል። እምቢ ማለትና አለመግባት ይለያያላ!

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ፊሽካ የበዛበት ውሻ፣ ሳይነፋበትም በራሱ ጊዜ እየቆመ ዞሮ ማየት ይጀምራል፤ «ልክ ነኝ ወይ?» እንደማለት። ዋና ይችላል፣ ምልክቱን ያውቃል፣ በራሱ መተማመኑ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ ውሻው ልክ ሲሄድ አሰልጣኙ ዝም ይላል። ዝምታው «ልክ ነህ፣ ቀጥል» ማለት ነው።

(ተማሪን ከውሻ አነጻጸረ እንዳትሉኝ! የማነጻጽረው አስተማሪን ከአሰልጣኝ ነው።)

ይቺን ዞሮ ማየት ክፍል ውስጥ በየቀኑ አያታለሁ። ሰሌዳ ላይ የወጣች ልጅ እኩልታውን በትክክል እየፈታች በየመስመሩ ፊቴን ታያለች። ግንባሬን ትንሽ ቋጠር ካደረግኩ ትክክለኛውን መልስ ታጠፋዋለች። አሁን አሁን ልጅቷ ልክ ስትሆን መስኮት መስኮቱን አያለሁ። «ቲቸር፣ ልክ ነው?» ስትለኝ፣ «ያገኘሽውን ቁጥር መልሰሽ ተኪና እራስሽ እይው» እላታለሁ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን ከትምህርት ቤታቸው ርቀው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ጀምረዋል። በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በራስ መተማመን ላይ አልጭነውም። ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ዞረው የሚያዩት የመምህር ፊት የለም። ለዚያ ቀን ማዘጋጀት ደግሞ በእኛ እጅ ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አንዳንዶቻችሁ አሁንም በኢንቦክስ «ቲቸር፣ እንዲህ ባደርግ ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። መልስ ሳዘገይ ረስቻችሁ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥያቄያችሁን ሳነበው መንገዱን ይዛችሁታል።

ዋኙ!