ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም

የመዘምራኑ ሚኒባስ ሞተሪኖ የሞተው ቅዳሜ ጠዋት፣ ልምምድ እንዳለቀ ነው። ቁልፉን ሳዞር "ቀጭ" አለና ዝም። መብራቱ ደማቅ ነው፣ ጡሩምባውም ይጮኻል፤ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ልጆቹ እየሳቁ ገፍተው አስነሡልኝና እንዳይጠፋብኝ እየሰጋሁ ወደ ጋራዥ ነዳሁት።

መካኒካችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሞተሪኖውን አውርደው ፈቱት። "ካርቦኑ አልቋል፣ ቤንዲክሱም ደክሟል። ሰውነቱ ግን ጤነኛ ነው። አድስልሃለሁ፤ ማክሰኞ ትወስደዋለህ" አሉኝ።

የትራንስፖርት ኃላፊው እኔ ነበርኩ፤ በማግስቱ ደግሞ ጉዞ ነበረን። "አይ ጋሼ፣ አዲስ እገዛለሁ" አልኳቸው። የያዝኩት ገንዘብ ወጣቶቹ ከኪሳቸው ያዋጡት ነበር።

መርካቶ ያገኘሁት ነጋዴ ሦስት ካርቶን ደረደረልኝ። አንደኛው የመኪናው ፋብሪካ ስም ያለበት፣ ውድ። ሁለተኛው የሌላ አምራች፣ የራሱን ስም የጻፈ፣ ዋጋው ግማሽ ገደማ፣ የስድስት ወር ዋስትና ያለው። ሦስተኛው የመጀመሪያውን ስም የያዘ፣ ዋጋው ግን ሲሶ። "ይሄም ያው ኦርጅናል ነው፤ በሌላ በኩል ስለገባ ነው የረከሰው" አለኝ። ሦስተኛውን አነሣሁ።

"ደረሰኙን በስንት ልጻፍልህ ወንድሜ?" አለኝ ፈገግ ብሎ።

"በከፈልኩት ጻፍ!" አልኩት፤ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። በዚያ ቀን ፈተና መጥቶብኝ ያለፍኩት መስሎኝ ነበር። ማታ ለኮሚቴው "ኦርጅናሉን በሲሶ ዋጋ አገኘሁት" ብዬ ነገርኳቸው፤ ተደሰቱ፣ አመሰገኑኝም። ልቤ ግን ያውቅ ነበር፤ ኦርጅናል በሲሶ ዋጋ አይሸጥም። ደረሰኙ እውነት ነበር፣ አፌ ግን አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ የአንዷ ዘማሪ እናት ታመሙ። ሆስፒታል እንድናደርሳቸው ተደወለልኝ። ቁልፉን ሳዞር ብረት ከብረት የሚፋጭበት ድምፅ ብቻ ተሰማ። ለመግፋት በቂ ሰው አልነበረም። ታክሲ እስኪገኝ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ልጅቷ የእናቷን እጅ ይዛ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። እናቷ ተርፈዋል፣ ተመስገን። ያ አርባ ደቂቃ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

መካኒኩ አዲሱን ፈተው አሳዩኝ። ቁልፍ ሲዞር የቤንዲክሱ ትንሽ ጥርስ ወደ ፊት ወጥቶ የቮላኖውን ጥርስ ይነክሳል፣ ሞተሩን አዙሮ ያስነሣና ይመለሳል። የናፍጣ ሞተር አየሩን በጣም ስለሚያምቅ ለማዞር ከባድ ነው። የገዛሁት ቤንዲክስ ጥርሱ ለስላሳ ብረት ስለነበር ተበልቶ አልቋል፤ የቮላኖውንም ጥርስ አበላሽቷል። እሱን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ ነበረበት። ወጪው ውዱን ሞተሪኖ ከመግዛት አለፈ።

"ርካሽ ስለገዛሁ ነው አይደል?" አልኳቸው።

"አይደለም። ያ በራሱ ስም የተሸጠውን ብዙ መኪና ላይ ገጥሜያለሁ፤ እንደ አቅሙ ይሠራል፣ ቢበላሽም የሚጠየቅ ባለቤት አለው። ኦርጅናል የምትለውንም ቢሆን ለብዙዎቹ ቶዮታዎች የሚሠራላቸው ዴንሶ የሚባል ሌላ ኩባንያ ነው። የምፈራው በሰው ስም የሚመጣውን ነው። ስሙን የዋሸ ብረቱንም ይዋሻል።"

ይህ ንግግር ለሞተሪኖው ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እኔም "ኦርጅናል" የሚል ካርቶን ውስጥ ገብቼ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ወጣቶቹን ሰብስቤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የቮላኖውን ወጪም ከደመወዜ በየወሩ እንደምከፍል። ማንም አልተናገረም። በመጨረሻ እናቷ የታመሙባት ልጅ እጇን አወጣች። "መምህር፣ አሮጌው ሞተሪኖ የት ደረሰ?" አለችኝ።

ሽማግሌው አልጣሉትም፤ ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር አስቀምጠውት ነበር። ካርቦንና ቤንዲክስ ቀየሩለት። ዛሬም ሚኒባሱን የሚያስነሣው እሱ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ዕቃ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ክብደቱን በእጃችሁ መዝኑ፣ ጥርሱን ቁጠሩ፣ ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበሉ። አቅማችሁ ለውዱ ካልደረሰ በራሱ ስም የተሸጠውን መግዛት አያሳፍርም። የገዛችሁትንም ለላካችሁ ሰው በትክክለኛ ስሙ ንገሩት። እኔ "ከፍ ያለው ውድ ነው፣ መካከለኛውን ገዛሁ" ብል ኖሮ ማንም አይቆጣኝም ነበር።