ቅርጫና ካርታ

ቅርጫ የገባ ሰው ያውቀዋል። በሬው በጋራ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ ከዚያ መዳቢው ከጉበቱም ከጨጓራውም ከሥጋውም እየቆረሰ መደብ መደብ ያደርገዋል። ዕጣ ይጣላል። "እኩል ነው" ይባላል። እኩል ነው የተባለውን መደብ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ የጎረቤቱን መደብ በጎን ያላየ ሰው ካለ ግን እስኪ እጁን ያውጣ!

ዛሬ ስለ በዓል አናወራም። ስለ ካርታ ነው የምናወራው፤ ያውም ቤተሰቦቻችን "ይሄ የልጆች ስዕል" እያሉ ስለሚያላግጡበት ካርታ። እሱም እንደ ቅርጫው "እኩል መደብ" የሚባል ነገር አለው። እኩልነቱም እንደ ቅርጫው ያጨቃጭቃል። እኛን አጨቃጭቆናል፤ አንድ ሰውም ሊያሳጣን ነበር።

እኛ አምስት ነን። ኑሯችን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዙሪያ ነው። አንዷ ነርስ ናት፣ ሁለቱ ታክሲ ይነዳሉ፣ አንዱ ይማራል፣ ታናሻችን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። አርብ ማታ ሥራ ያልገባን ሁሉ አንዲት የጨዋታ ሱቅ ውስጥ ተሰብስበን ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ እንጫወታለን።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ጨዋታውን የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው ነው፤ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 20 የሕይወት ነጥብ ይዘው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በካርዶቻቸው ላይ ያሉትን አውሬዎችና አስማቶች እያወረዱ አንዱ የሌላውን ነጥብ ዜሮ ለማድረስ ይታገላል። ከለመድነው ካርታ የሚለየው ጥቅሉ የጋራ አለመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ካርዶች ገዝቶ፣ የራሱን ጥቅል አሰናድቶ ይመጣል።

ጣጣውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ የሚገዛ ከሆነ ብር ያለው የተሻለ ካርድ ይገዛል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ብላክ ሎተስ የሚባል አንድ የ1993 ካርድ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ተሽጧል። እሱን እንኳ እኛ ሰፈር አናየውም። ነገር ግን የብዙ መቶ ዶላር ጥቅል ይዞ የመጣ ልጅ ፊት መቀመጥ በቮልስ ከቪ8 ጋር እንደ መሽቀዳደም ነው። ብትሸነፉም አይደንቅም፣ ቢያሸንፍም አይደንቅም።

ለዚህ መድኃኒት ተብሎ የመጣው ሊሚትድ የሚባለው አጨዋወት ነው። ከቤት ካርድ ይዞ መምጣት የለም። ሁሉም እኩል ቁጥር ያለው ያልተከፈተ እሽግ ይገዛል፣ እዚያው ይቀዳል፣ ካገኘው ውስጥ 40 ካርድ ያለው ጥቅል ያሰናዳል። አብዛኛውን ጊዜ 23ቱ አውሬና አስማት፣ 17ቱ ኃይል የሚያመነጩ "መሬት" የሚባሉ ካርዶች ናቸው። (ተራው መሬት በነፃ ይታደላል። መሬት ያለ ሊዝ የሚገኝበት እኛ የምናውቀው ብቸኛ ቦታ ይኸው ነው።)

እንግዲህ እኩል ሆንን? ቆይ፣ አትቸኩሉ። ሊሚትድ አንድ አይደለም፤ ቢያንስ ሁለት ነው። ሁለቱም "እኩል እንጀምር" ይላሉ፤ እኩል ሲሉ ግን አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም።

የተዘጋው መደብ

የመጀመሪያው ሲልድ ነው። ስድስት እሽግ ይሰጣችኋል፤ ትከፍታላችሁ፤ የወጣላችሁ የእናንተ ነው። ማንም አይነካባችሁም፣ እናንተም የማንንም አትነኩም። ካርዱን አንድ በአንድ አንብቦ፣ አሰላስሎ፣ ጥቅል ለመሥራት በቂ ጊዜ አለ። አዲስ ካርድ ለገበያ ሊወጣ ሲል ሱቆች የሚያዘጋጁት የቅድሚያ ጨዋታ በአብዛኛው በዚህ መንገድ የሚካሄደው ጀማሪን ስለማያስደነግጥ ነው። የተሸነፈም "ዕጣዬ ነው" ብሎ ይጽናናል።

ችግሩ መዳቢው ነው። የድሮው እሽግ 15 ካርድ ነበረው፤ አንድ ብርቅ፣ ሦስት መካከለኛ፣ አሥር ተራ፣ የቀረው መሬት። ልክ እንደ ቅርጫው፣ ከሁሉም ብልት ትንሽ ትንሽ! እ.ኤ.አ. በ2024 የመጣው እሽግ 14 ካርድ ያለው ሲሆን ብርቁ ካርድ አንድም ሊሆን ይችላል፣ እስከ አራትም ሊደርስ ይችላል። እሽጎቹ በዋጋ እኩል ናቸው፤ ውስጣቸው ግን ከበፊቱ የበለጠ ይለያያል። ሲልድ ላይ ደግሞ ያ ሁሉ ትርፍ ለአንድ ሰው ይቀራል። ቅርጫ ላይ ቢያንስ መዳቢው ፊታችሁ ስለሚቆም "ኧረ ጨምርበት" ይባላል። የማተሚያ ማሽንን ማን ይማጸናል?

የሚዞረው መደብ

ሁለተኛው ድራፍት ነው። እሽጉ ሦስት ብቻ ነው። በአብዛኛው ስምንት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ሁሉም አንድ እሽግ ይከፍታል፣ አንድ ካርድ ይመርጣል፣ የቀረውን በግራው ላለው ያስተላልፋል። ከቀኝ የመጣለትን ይቀበላል፣ አሁንም አንድ ይመርጣል፣ ያስተላልፋል። እሽጉ እስኪያልቅ እንዲህ ይቀጥላል። ሁለተኛው እሽግ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ሦስተኛው እንደገና ወደ ግራ። ማውራት ክልክል ነው።

እዚህ ምርጥ ካርድ የከፈተ ሰው እሱን ወስዶ የቀረውን ያካፍላል። አንድ እሽግ ውስጥ ሁለት ብርቅ ካርድ ቢወጣ አንዱ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ዕጣው ይለዝባል። በምትኩ ጎረቤት የሚባል ነገር ይመጣል።

ካርዶቹ አምስት ቀለም አላቸው፦ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። አንድ ጥቅል በአብዛኛው ሁለት ቀለም ነው የሚይዘው። ስለዚህ ስድስተኛ ምርጫ ላይ ጥሩ ቀይ ካርድ ሳይነካ ከደረሳችሁ በቀኛችሁ ያሉት ሰዎች ቀይ አይፈልጉም ማለት ነው። ማንም ምንም ሳይናገር ነገራችሁ።

ከዓመታት ጨዋታ በኋላ በጣም የገረመን ግን ይህ ነው። ድራፍት ላይ ጎረቤቱን የሚጎዳው ስግብግቡ አይደለም። ቀዩን ሁሉ ጠራርጎ የሚወስድ ሰው ለግራ ጎረቤቱ "ከቀይ ራቅ" የሚል ግልጽ መልእክት እየላከለት ነው። ጎረቤቱ ሰምቶ ሌላ ቀለም ይይዛል። ሁለተኛው እሽግ አቅጣጫውን ሲቀይር ያ ጎረቤት የማይፈልገውን ቀይ መልሶ ያቀብለዋል። ሁለቱም ይጠቀማሉ። ሁለቱንም የሚያበላሸው ወላዋዩ ነው፤ አንዴ ከቀይ፣ አንዴ ከሰማያዊ እየነካካ ሄዶ ጎረቤቱን የሚያሳስት፣ ራሱም ሁለት ቦታ የሚራብ።

ሒሳቡ

ይህን ሁሉ ሰምቶ ድራፍት ይሻላል የሚል ይኖራል። እኛም ውስጥ አለ። ነርሷ ግን "ሌሊቱን ሙሉ የሰው ፊት ሳነብ አድሬ እዚህም የሰው ፊት አነባለሁ እንዴ?" ትላለች። እሷ የሲልድ ሰው ናት። ስድስት እሽጓን ይዛ ጥግ ላይ ስትቀመጥ ደስታዋ የተለየ ነው።

ሒሳብ ግን አለ። ሲልድ ስድስት፣ ድራፍት ሦስት እሽግ ነው፤ የሲልድ ካርድ እጥፍ ነው ማለት ነው። አንድ እሽግ እኛ በምንሄድበት አምስት ዶላር አካባቢ ነው። እንግዲህ ጀማሪን የሚያቅፈው ጨዋታ ውዱ ነው። ርካሹ ደግሞ መቶዎቹን ካርዶች አስቀድሞ ያላወቀውን ያንገላታል። አንዱ ብር ያስከፍላል፣ ሌላው እውቀት። እውቀቱም ቢሆን በመደጋገም ነው የሚገኘው፤ መደጋገሙ ደግሞ ያው በብር ነው።

ይህን ሒሳብ ቀድሞ የሠራው ታናሻችን ነው። በየወሩ ለእናቱ ይልካል። መጀመሪያ ከሲልድ ምሽቶች ቀረ፣ ቀጥሎ ከድራፍቱም። "ደክሞኝ ነው" ይል ነበር። ሐበሻ "ደክሞኛል" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። ታክሲ ነጂው ትልቃችን ቤቱ ድረስ ሄዶ ሲያፋጥጠው እንዲህ አለው፦ "ጋሼ፣ እሽጉን ስቀድ የእማዬን ጤፍ የምቀድ ይመስለኛል።" እኛ እንክፈልልህ አልነው። "በሰው ብር ዕጣ አይወጣም" ብሎ እምቢ አለ።

ሁሉም እኩል እሽግ በሚቀድበት ጠረጴዛ ላይ እኩል ያልሆነው እዚያ ለመቀመጥ የሚከፈለው ነበር።

ሳጥኑ

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም፤ ብዙ ተጫዋቾች ያውቁታል። ኪዩብ ይባላል። ከየቤታችን፣ ከአልጋ ሥር፣ ከመሳቢያ ውስጥ የተረሱ ካርዶችን ሰበሰብን። የማይደገሙ 360 ካርዶች መርጠን አንድ ሳጥን ውስጥ ከተትናቸው። ቁጥሩ ከየትም የመጣ አይደለም፤ ስምንት ሰው እያንዳንዱ 45 ካርድ ይዞ ድራፍት ለማድረግ የሚበቃው ነው። ብዙዎቹ ተራ ካርዶች ናቸው። ከመካከላቸው ግን ላይትኒንግ ቦልት አለ፤ በአንድ ኃይል ሦስት ነጥብ የሚመታ፣ ከ1993 ጀምሮ የሚታወቅ። በውዝን በ15 በ15 እንከፍላቸውና ድራፍት እንጫወታለን። ሲያልቅ ሁሉም ወደ ሳጥኑ ይመለሳል።

ያጣነው አለ፤ አንዋሽም። አዲስ እሽግ የመቅደድ ድምፅና ሽታ የለም። ብርቅ ካርድ ይዞ ወደ ቤት መሄድ የለም። ሲልድ እንጫወት ካልን ለአንድ ሰው 90 ካርድ ስለሚያስፈልግ ሳጥኑ ለአራት ሰው ብቻ ይበቃል፤ አምስተኛው ቁጭ ብሎ ያያል። (ነርሷ ለዚህ ይቅርታ አላደረገችልንም።) በአምስት ሰው ድራፍት ደግሞ የከፈታችሁት እሽግ ሁለት ጊዜ ዞሮ ተመልሶ ይመጣል፤ ማን ምን እንደወሰደባችሁ ለመገመት ብዙ አይከብድም። ምሥጢር ቀነሰ፣ ክርክር ጨመረ።

ታናሻችን ግን አሁን አርብ ማታ አይቀርም። ሳጥኑ ውስጥ ካሉት 360 ካርዶች 70 ያህሉ የእሱ ናቸው፤ ስለዚህ የማንም እንግዳ አይደለም። ቀዩን ሁሉ ያለ ኀፍረት ጠርጎ ይወስዳል። በግራው የምንቀመጥም መልእክቱን በጊዜ መስማት ለምደናል።

ሲልድም ድራፍትም ጥሩ ጨዋታ ነው፤ እየተጫወትን ነው፣ እንጫወታለንም። ነገር ግን ከእንግዲህ አንድ ሰው "ሁላችንም እኩል ነው የጀመርነው" ሲለን፣ ካርታም ይሁን ሌላ፣ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። መደቡን ማን መደበው? ጎረቤት ያስተረፈልኝ ነው ወይስ ለብቻዬ የወጣልኝ? ዕጣው ጋ ለመድረስስ ስንት ተከፈለ?

ሦስተኛው ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ሰው ይደክመዋል።