የማን እንደራሴ?

አሜሪካኖች የሚያስቀና ነገር እንዳላቸው ሁሉ የሚያስገርም ነገርም አላቸው። አንድ የሴኔት አባል ቢሞት ወይም ወንበሩን ቢለቅ፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች ምርጫ እስኪደርስ ድረስ በቦታው ሰው የሚሾመው የግዛቱ ገዥ ነው። በ2001 ዓ.ም. ባራክ ኦባማ ለፕሬዚዳንትነት ተመርጠው የኢሊኖይ ወንበራቸው ክፍት ሆነ። ሿሚው ገዥ ሮድ ብላጎዬቪች ግን ወንበሩን ሊሸጡት ሲደራደሩ ተደረሰባቸው ተብለው ኅዳር 30 ቀን ተያዙ። በዋስ ወጡ። አሁንማ ማንንም አይሾሙም ሲባል፣ ሦስት ሳምንት ቆይተው ማንም ያልጠበቃቸውን ሮላንድ በሪስን ሾሙ። በሪስ የ71 ዓመት አዛውንት፣ የቀድሞ የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ናቸው። መቃብራቸውን በቁማቸው አሠርተው የሠሩትን ሥራ ሁሉ በድንጋዩ ላይ አስቀርጸዋል (ለሴኔተርነቱ የሚሆን ቦታ ተርፏቸው እንደሆነ እንጃ!)። ሴኔቱ መጀመሪያ ከበር መለሳቸው፤ ቀናት ተከራክሮ ግን አስገባቸው። ሹመቱ ሕጋዊ ነበራ!

ያን ሰሞን ጥምቀት ነበርና ወሬውን ደብረ ታቦር፣ አንድ ጠላ ቤት ውስጥ አወራሁት። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሽማግሌ (የጉና ብርድ በጥር ቀልድ አያውቅም) ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣

«እኔ የምልህ ልጄ» አሉኝ፣ «ሰውየው የማን እንደራሴ ነው? የሕዝቡ ነው የገዥው?»

«የሕዝቡ ነው እንጂ አባቴ።»

«ሕዝቡ መቼ ላከው?»

«እስከሚቀጥለው ምርጫ ድረስ ነው…»

«እሱማ እኛም ዘንድ ሁሉም ነገር እስከሚቀጥለው ድረስ ነው» ብለው ጠላቸውን አነሱ።

ጥያቄው ደብረ ታቦር ላይ መነሳቱ አይግረማችሁ። በክፍት ወንበር ላይ ሰው በማስቀመጥ ይህን ከተማ የሚያህል ልምድ ያለው የለም። በዘመነ መሳፍንት ራስ ዓሊ እዚሁ ተቀምጠው ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት ያነግሡና ያወርዱ ነበር። ሣህለ ድንግልንና ሣልሳዊ ዮሐንስን አፈራርቀዋቸዋል፤ እናታቸውን እቴጌ መነንንም ለዮሐንስ ድረዋቸዋል። ዘውድ የደፋው ጎንደር ነው፣ ትእዛዙ የሚወጣው ከደብረ ታቦር ነው። ዘውዱን የጫነለትን ሰው ቀና ብሎ የሚያይ ንጉሥ ለባላገሩ ምን ሊፈይድለት ይችላል?

ኋላ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠና ሿሚው አዲስ አበባ ሆነ። ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ሲወድቁ የቤጌምድር ወንበር ባዶ ሆነ። በመንግሥት ወገን ተሰልፈው የተዋጉት ደጃዝማች አያሌው ብሩ፣ የአገሩም ሰው ናቸውና፣ ግዛቱ ከነራስነቱ ለእኔ ነው ብለው ጠበቁ። የተሰጠው ግን ለሰላሌው ራስ ካሣ ኃይሉ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠው ያስተዳደሩትም ልጃቸው ደጃዝማች ወንድወሰን ናቸው። ባላገሩ በአያሌው የዋህነት ግጥም ገጠመ፣ አዲሱንም ገዥ እጅ ነሥቶ ተቀበለ። ሌላ ምን ያድርግ?

በዓመቱ፣ ማለትም በ1923 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሕገ መንግሥቱ ሁለት ምክር ቤቶች አቆመ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያውን ደግሞ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ፣ መሳፍንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጡለታል ይላል። አያችሁልኝ? ያ ኢሊኖይ ላይ ጉድ ያሰኘው ነገር እኛ ዘንድ ለአንድ ክፍት ወንበር ሳይሆን ለሁሉም ወንበሮች የተደነገገ ሕግ ነበር። «እስኪችል ድረስ» የተባለውም ቀጠሮ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ወሰደ፤ ሕዝቡን ወደ ምርጫ የጠራው የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው።

ሽማግሌው የያዙት ቃል ራሱ ነገሩን ያጋልጠዋል። «እንደራሴ» ማለት እንደ እኔ የሆነ፣ በእኔ ምትክ የቆመ ማለት ነው። ግን የትኛው «እኔ»? ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሲባሉ «እኔ» የምትለው ንግሥት ዘውዲቱ ናት። የገዥም እንደራሴ አለ፣ በእሱ ፈንታ የሚፈርድና የሚያዝ። የሕዝብ እንደራሴ የሚለው ኋላ የመጣ ነው፤ ቃሉ ግን ያው ነው። ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የኖረ ቃል አሁን ከታች ወደ ላይ ውጣ ተባለ። ልማዱን ቶሎ ቢለቅ ነው የሚገርመው።

ዛሬ በሕጋችን የጎደለ የምክር ቤት ወንበር የሚሞላው በማሟያ ምርጫ ነው፤ የክልል ፕሬዚዳንት ሰው መርጦ አይልክም። በዚህስ ከአሜሪካኖች እንሻላለን! ዳሩ ግን በ1997ቱ ምርጫ አሸንፈው ፓርላማ ሳይገቡ የቀሩት ተቃዋሚዎች ወንበር፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ የማሟያ ምርጫ የተደረገለት በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል የእነዚያ አካባቢዎች ሰው ያለ ተናጋሪ ኖረ። ምርጫው ሲመጣስ? ዕጩውን ቀድሞ የመረጠው የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ነው። መራጩ ካርዱን ይዞ ሲሰለፍ ከጠላ ቤቱ ጥያቄ ግማሹ ተመልሶ አልቋል።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ጠፋ። የእርሻ ጊዜ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፤ ሰኔ ካለፈ አለፈ። የአማራ ክልል ገበሬዎች እርሻቸውን ትተው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ጮኹ። የሄዱት ወደ ክልሉ መስተዳድር ነው። እያንዳንዳቸው በየምርጫ ክልላቸው ድምፅ የሰጡት፣ በስማቸው የሚናገር እንደራሴ ነበራቸው። ስሙን ቢጠየቁ ስንቶቹ ያውቁት ነበር?