የድንጋዩ ጀርባ

ኑዛዜዬ ከሰላሜ ይጀምራል። ልቤ ከምንም በላይ ያረፈበት ቦታ በጃፓን፣ በኪዮቶ ከተማ፣ በሪዮአንጂ ገዳም ግቢ ያለው የድንጋይና የጠጠር የአትክልት ስፍራ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቆሜ ያላገኘሁትን ጸጥታ በቡድሃ መነኮሳት በረንዳ ላይ ተቀምጬ አገኘሁ ማለት ለአንድ የተዋሕዶ ልጅ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ኑዛዜ ነውና አልደብቀውም።

ስፍራው ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ 25፣ ስፋቱ 10 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ዛፍ የለበትም፣ አበባ የለበትም፣ ውኃም የለበትም። በነጭ ጠጠር ላይ 15 ድንጋዮች በ5 ቦታ ተሰባስበው ተቀምጠዋል። አረንጓዴ ነገር ቢኖር በግርጌያቸው የበቀለው የድንጋይ ሽበት ብቻ ነው። መነኮሳቱ ጠጠሩን ጥርስ ባለው የእንጨት መሣሪያ ያበጥሩታል፤ መስመሩ በሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይሄድና ድንጋዮቹ ዘንድ ሲደርስ ዙሪያቸውን ይከባል። ከኋላ ዝቅ ያለ የጭቃ አጥር አለ። ጭቃው በዘይት የተለወሰ ስለሆነ ባለፉት ብዙ መቶ ዓመታት ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ እየወጣ፣ ማንም ያልሣለውን ቡናማና ግራጫ ሥዕል አጥሩ ላይ ሥሏል። እኔ ከድንጋዮቹ ይልቅ ያን አጥር ሳይ የቆየሁ ይመስለኛል። በረንዳው ላይ የትም ብትቀመጡ ከ15ቱ ድንጋዮች ቢያንስ አንዱ ከዓይናችሁ ይሰወራል። ቦታ ስትለውጡ የተሰወረው ይገለጥና ሌላው ይደበቃል።

ያን ጊዜ ልቤ ለምን እንዳረፈ ስመረምር ያገኘሁት መልስ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ያረፈው ሰው ስለሌለበት ነው። በረንዳው በጎብኚ ይሞላል፤ ጠጠሩን ግን ማንም አይረግጠውም። ድንጋይ አይጠይቀኝም፣ አይወቅሰኝም፣ ዕዳ አለብህ አይለኝም። እጅ የሌለበት ውበት፣ ከሰማይ እንዳለ የወረደ ጸጥታ አድርጌ ነበር የማየው። እንዲያ ሆኖ እንዲቀርልኝም እፈልግ ነበር።

እጅ ግን ነበረበት። ገዳሙን በ1450 የመሠረተው ሆሶካዋ ካትሱሞቶ የተባለ ኃያል መስፍን ነው (ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በ1467 በተነሣው የኦኒን ጦርነት ተቃጠለ፤ በ1488 ልጁ መልሶ አሠራው። የአትክልት ስፍራውን ማን እንዳበጀው የሚናገር ሰነድ የለም። ለረጅም ዘመን ሶአሚ ለተባለ ዕውቅ ሠዓሊ ሲሰጡት ኖረዋል። በ2002 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ መርምሮ፣ ግንዱ ወደ በረንዳው መካከል የሚያመራ፣ ቅርንጫፍ ያለው የዛፍ ዓይነት ስውር ቅርጽ አግኝቶበታል። ባዶ ያልሁት ቦታ የተጠበበበት ነበር።

ከድንጋዮቹ በአንደኛው ጀርባ ላይ ደግሞ የሰው ስሞች ተቀርጸዋል። ከበረንዳው አይታዩም፤ እኔም ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነው። አንደኛው ስም ኮታሮ ይላል። ከጎኑ ያለው ተበልቷልና ሊቃውንቱ በንባቡ አይስማሙም። ብዙዎች እንደሚገምቱት እነዚህ ሰዎች በዚያን ዘመን የወንዝ ዳር ሰዎች ከሚባሉት ወገን ነበሩ። የወንዝ ዳር ሰዎች የሞተ ከብት ይገፉ፣ ቆዳ ያለፉ፣ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። እርኩስ ተብለው ከሌላው ሰው ተለይተው ይኖሩ ነበር። አፈር መቆፈርና ድንጋይ መሸከም የእነሱ ዕጣ ስለነበረ፣ ውሎ አድሮ የአትክልት ስፍራ ጥበብ ሊቆች ወጡባቸው። ከእነሱ አንዱ ዜንአሚ ነው፤ በታመመ ጊዜ ሾጉኑ (የጃፓን የጦር ገዥ) አሺካጋ ዮሺማሳ ራሱ መድኃኒት ልኮለታል። የዜንአሚ የልጅ ልጅ ማታሺሮም የአያቱን ሙያ ያዘ። አንድ መነኩሴ በ1489 እንደመዘገበው፣ ማታሺሮ ከብት አራጅ ቤት በመወለዱ ልቡ ያዝን ነበር፤ ስለዚህም ነፍስ ላያጠፋና ገንዘብ ላይመኝ ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። እሱ ያስተካከለውን ግቢ እያዩ የሚመሰጡ ሰዎች እርኩስ ሲሉት፣ ከእነሱ ይበልጥ ንጹሕ ለመሆን ይታገል ነበር ማለት ነው።

ይህን ሳነብ በጃፓኖች ለመፍረድ አፌ አልተከፈተም። ያን ንቀት አውቀዋለሁ፤ ያደግሁበት ነው። አያቴ ቤት እንስራና ጀበና ይዛ የምትመጣ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አያቴ ደግ ሴት ነበሩ፤ የተራበ አያሳልፉም። ለሷ ግን ቡና የሚቀዳላት ለብቻ በተቀመጠ ስኒ፣ ያውም ከደጅ ነበር። እኛ ልጆች ስትመጣ ቡዳ ናት እያልን ምግባችንን እንሸፍን ነበር። በዕድሜ የአያቴ እኩያ ነበረች። ሌሎቹን አሮጊቶች እርስዎ የምንል ልጆች እሷን አንቺ እንላት ነበር። በእጇ በሠራችው ጀበና የፈላው ቡና ግን ከከንፈራችን አይለይም ነበር።

አፄ ምኒልክ ሠራተኛውን በሥራው፣ አንጥረኛውን ጠይብ እያላችሁ አትስደቡ ብለው ያሳወጁት በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው። እኔ የተወለድሁት ከአዋጁ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ንቀቱ ግን ሳይጎድል ደረሰኝ። የንስሐ አባቴ ስለ ጾሜና ስለ ጸሎቴ ይጠይቁኛል። ስለ ሸክላ ሠሪዋ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም አንስቼላቸው አላውቅም።

ዜን፣ የሪዮአንጂ መነኮሳት የሚከተሉት የቡድሃ መንገድ፣ ራስን መርሳት ነው፣ ሠሪው ሊጠፋ ይገባዋል የሚሉ አሉ። ወዶ የጠፋ ይጥፋ፤ ያምርበታልም። ድንጋይ ፈልፍሎ ስሙን የቀረጸ ሰው ግን መጥፋት አልፈለገም። በጀርባው የቀረጸው በፊቱ የሚፈቅድለት ስላልነበረ ይመስለኛል።

ሪዮአንጂን ዛሬም እወደዋለሁ፤ ውበቱ በዓይኔ ቅንጣት አልቀነሰም። በሐሳቤ ወደዚያ በረንዳ ስመለስም ልቤ አሁንም ሰው የሌለበትን ጠጠር ይመኛል። ያን ምኞት ነው የምናዘዘው።

እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ያሉላችሁ፣ የቤታችሁን እንስራና ጀበና ማን እንደሠራው ጠይቋቸውና ስሙን ጻፉት። የእኔ አያት ዐርፈዋል። የሸክላ ሠሪዋን ስም የሚነግረኝ ሰው የለኝም።