ያገለገለ አእምሮ

ኮምፒዩተር እንደ ሰው ሽበት አያወጣም፤ እርጅናው የሚታወቀው በመዘግየቱ ነው። ትናንት በቅጽበት ይከፍተው የነበረውን ጽሑፍ ዛሬ ቡና ተፈልቶ እስኪቀዳ ድረስ ሲያቆየው፥ ባለቤቱ «ይህስ አበቃለት» ብሎ ይፈርድበታል። በመሥሪያ ቤት የሆነ እንደ ሆነ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተወስዶ አቧራ ይለብሳል፤ በግለሰብ ቤት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ በየመንደሩ «ቆራሌ!» እያለ የሚዞረው ነጋዴ በብረት ዋጋ ያነሣዋል። ይህ ፍርድ ብዙውን ጊዜ ምርመራ ያልቀደመው ስለ ሆነ፥ ላምበረት በሚገኘው ቤታችን ስላለው ኮምፒዩተር ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ይህ ኮምፒዩተር ተገጣጥሞ የተገዛ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ከደመወዛችን እየቈጠብን፥ በአንዱ ወር ሳጥኑን፥ በሌላው ወር ማዘርቦርዱን እየገዛን በገዛ እጃችን ያቆምነው ነው። ስለዚህም መልኩን ብቻ ሳይሆን አጥንቱንና ጅማቱን እናውቀዋለን። አእምሮው፥ ማለት ፕሮሰሰሩ፥ የኢንቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ኮር አይ 3-2100 ነበረ። ለደብዳቤም፥ ለሒሳብም፥ ለዜናም ከበቂ በላይ ሆኖ ዐሥራ ሁለት ዓመት አገለገለን።

ጉዳዩን አስቸኳይ ያደረገው የታናሽ እኅታችን ትምህርት ነው። እኅታችን ከሠፈራችን ብዙም በማይርቀው በኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ታጠናለች። ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው ርእስ የሠፈራችንና የአካባቢው መሬት በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደ ተለወጠ ማሳየት ነው፤ ስሙ የላም በረት የሆነው ሠፈር ዛሬ የአውቶቡስ መናኸሪያና የፎቅ ቤት ሠፈር መሆኑን በዚህ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፥ ነገር ግን ማወቅና በካርታ ማስረዳት ልዩ ልዩ ነገር ነው። ለዚህ ሥራ የምትጠቀምበት ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ያነሡትን ሥዕል ነው፤ ሥዕሎቹም ከ2008 ወዲህ ለማንም በነጻ ይሰጣሉ። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ አንዲት ነጥብ በመሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሚሆን ቦታ ናት። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዷን ነጥብ እየመረመረ «ይህች ጣራ ናት፥ ይህች እርሻ ናት፥ ይህች ዛፍ ናት» እያለ መፍረድ አለበት። ነጥቦቹ ብዙ መቶ ሺህ በመሆናቸው አንዱን ሥዕል ለመጨረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅበት ነበር። በመካከሉ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ጽሑፉ ሊቀርብ የቀረው ጊዜ ሰባት ሳምንት ብቻ ነበረ።

አዲስ ላፕቶፕ እንግዛ እንዳንል፥ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የላፕቶፑ ዋጋ የስድስት ወር ደመወዛችን ነው። እኅታችንም ችግራችንን ዐውቃ፥ «ጋሼ፥ ይተዉት፤ ከጓደኛዬ እዋሳለሁ» አለችን። የጓደኛዋም ላፕቶፕ ለባለቤቱ ጽሑፍ እንደሚያስፈልግ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እንግዲህ መጀመሪያ የመረመርነው የሚዘገየው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ነው። ብዙ ሰው ከዚህ ላይ ይሳሳታል። ኮምፒዩተር ለመነሣት ቢዘገይ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሽከረከረው አሮጌ ዲስክ ነው፤ እርሱን ግን በ2012 ዓ.ም. በኤስኤስዲ ለውጠነዋል። ራሙም 8 ጊጋ ስለ ነበረ፥ ካርታው ሲሠራ እንኳ አይሞላም። መቶ በመቶ ተይዞ የሚያቃስተው ፕሮሰሰሩ ብቻ መሆኑን በዓይናችን አየን።

ይሁን እንጂ ፕሮሰሰር እንደ አምፑል ወጥቶ ሌላው ሁሉ የሚገባበት ነገር አይደለም። በማዘርቦርዱ ላይ ያለው መቀመጫው ሶኬት ይባላል፤ የግድግዳውን ሶኬት ማለታችን አይደለም። የእኛው ሶኬት 1155 ቀጫጭን የብረት እግሮች አሉት፥ ስሙም በቍጥራቸው ነው የሚጠራው። ኢንቴል በዚህ መቀመጫ ላይ ያስቀመጠው ሁለት ትውልድ ፕሮሰሰር ብቻ ሲሆን፥ ከሁለተኛው ትውልድ ዋነኛ ከሆኑት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኮር አይ 7-3770 ነው። ኩባንያው በ1971 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተሮች ሲኖሩት በዚህኛው ውስጥ ያሉት 1.4 ቢሊዮን ናቸው። የቀድሞው የእኛ ፕሮሰሰር ሁለት ኮር ሲኖረው ይህ አራት አለው፤ የሚጠይቀው የኤሌክትሪክ ኀይል ግን ከ65 ዋት ወደ 77 ዋት ብቻ ከፍ ስለሚል አሮጌው ፓወር ሰፕላይ ይችለዋል።

እንዲህ ያለ ዕቃ አዲስ ሆኖ አይገኝም። ከላምበረት በታክሲ መገናኛ ወርደን፥ በአንድ የንግድ ሕንጻ ምድር ቤት ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ወጣት ዘንድ አገኘነው። ከየት አገር መሥሪያ ቤት ተነቅሎ እንደ መጣ ሻጩም አያውቅም። ጀርባው ላይ ያሉት የወርቅ ቀለም ነጥቦች አለመቧጨራቸውን በስልካችን መብራት መረመርን፤ በክዳኑ ላይ የተቀረጸውንም ቍጥር አነበብን። ከብዙ ክርክር በኋላ፥ ካልሠራ በሦስት ቀን ውስጥ ሊመልስልን ተስማምቶ፥ ከአንድ ወር ደመወዛችን ባነሰ ዋጋ ሸጠልን።

ያንኑ ምሽት ለመግጠም ልባችን ቢቸኩልም፥ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ነገሩን አሳደርነው። ማዘርቦርዱ የተሠራው ለመጀመሪያው ትውልድ ስለ ሆነ፥ ባዮስ የሚባለው መሠረታዊ መመሪያው ካልታደሰ ሁለተኛውን ትውልድ አያውቀውም። የሚታደሰውም አሮጌው ፕሮሰሰር በቦታው ሳለ፥ በፍላሽ ነው። እድሳቱ ሳያልቅ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ግን ማዘርቦርዱ እንደ ሞተ ይቈጠራል፤ በሠፈራችን ደግሞ መብራት ሲጠፋ አስቀድሞ አይናገርም። ስለዚህ ከመናኸሪያው አጠገብ የፎቶ ኮፒ ቤት ካላቸው ጎረቤታችን ዩፒኤስ ልንዋስ ሄድን። «እትዬ፥ ለግማሽ ሰዓት ነው» ብንላቸው፥ «ልጄ፥ እሑድ ሱቁ ዝግ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያዘው» አሉን።

እሑድ ማለዳ እድሳቱን ጀመርን። አራት ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው፤ እኅታችን ግን እስኪያልቅ ድረስ የክፍሉን አምፑል ትክ ብላ ስትመለከት ቆየች። መብራቱም አልጠፋም። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ቀላል ነበረ፤ በአሮጌው ላይ ደርቆ የቀረውን ቴርማል ፔስት በአልኮል ጠርገን፥ የሶኬቱን ማንሻ አነሣን፤ አዲሱን ምልክቱን ከምልክቱ አጋጥመን ሳንጫነው አስቀመጥነው። የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት ጨምረን፥ ከአቧራ ያጸዳነውን ማራገቢያ መለስንበት።

አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅ የነበረው ሥዕል በ31 ደቂቃ አለቀ። ፕሮግራሙ ሥራውን ለአራቱም ኮር የሚያከፋፍል ባይሆን ኖሮ ይህን ያህል ለውጥ አይታይም ነበር። ደብዳቤ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ፕሮሰሰር መለወጥ ገንዘብ መድፋት ነው እንላለን፤ የእኛም ደብዳቤዎች ከቀድሞው ፈጥነው አልተጻፉም።

ደግሞም የመቀመጫው ወሰን አልተሻረም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የዚህን ዘመን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። እኛም ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ የሊኑክስ ዓይነት ጫንን። እኅታችን ካርታ የምትሠራበት ኪውጂአይኤስ በእርሱም ላይ ይሠራል፤ በአማርኛም ያለ ችግር እንጽፋለን። ጥቂት ቀን የለመዱትን ምልክት ፈልጎ ማጣት እንደሚያሰለች ግን አንደብቅም።

አሮጌውን አይ 3 ለቆራሌ አልሰጠነውም። ዩፒኤሱን ስንመልስ የጎረቤታችንን ኮምፒዩተር ከፍተን ብናይ፥ ሶኬቱ ያው 1155፥ ፕሮሰሰሩ ግን ከእኛ አሮጌ የደከመ ሴለሮን ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ የአንድ ትውልድ ስለ ሆኑ ባዮስ ማደስ እንኳ አላስፈለገም፤ በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገጠምንላቸው። የእኅታችንም ጽሑፍ፥ 84 ገጽ ከነባለ ቀለም ካርታዎቹ፥ ከቀጠሮው አምስት ቀን ቀድሞ የታተመው በዚያው ሱቅ ነው፤ እትዬም የወረቀቱን ብቻ አስከፈሉን።