በሆሴዕ መጽሐፍ ውስጥ የበቀለው አረም



ጣና ላይ እምቦጭ መታየቱ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ፣ እዚህ ባሕር ዳር በጸሎት ኅብረቶቻችን አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፦ «ይህ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው ወይ?» አረሙ በደምቢያና በፎገራ በኩል ዳርቻውን ሲሸፍን፣ ሕዝቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው፣ ከኦሮሚያ ሳይቀር ወጣቶች ለዘመቻው ሲመጡ ጥያቄው አልቆመም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ባሰ።

አንዳንድ ሰባኪ ቸኩሎ ይመልሳል፦ «አዎ፣ ስለ ጣዖታቸው ነው።» እኔን የምታስፈራኝ በቃሉ መጨረሻ ያለችው «ቸው» ናት። እኛ ወንጌላውያን በዚህ ከተማ ጥቂቶች ነን፤ ጥቂት ለሆነ ሰው ደግሞ ፍርድን ወደ ጎረቤት ቤት መላክ ይቀለዋል።

ሆሴዕ ግን እንዲህ አላደረገም። በምዕራፍ 4 የሚከሰሰው የቃል ኪዳኑ ሕዝብ ራሱ ነው። እውነትና ምሕረት ከምድሪቱ ጠፍተዋል፤ ሰው በሐሰት ይምላል፤ ደም በደም ላይ ይፈስሳል። ከዚህ የተነሣ ምድሪቱ ታዝናለች፣ አራዊቱና ወፎቹ ይመነምናሉ፣ የባሕሩ ዓሣ እንኳ ያልቃል (4፥1-3)። መረቡን ባዶ ለሚያወጣ የጣና አስጋሪ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ቀጥሎ ተከሳሾቹ ካህናት ናቸው፤ ሕዝቡ ባለማወቅ የጠፋው እነርሱ ትምህርቱን ስለተዉ ነው። በእኛ ቋንቋ ፓስተሮቹ ማለት ነው።

በ10፥4 ላይ ደግሞ አረም አለ፤ በእርሻ ትልም ላይ የሚበቅል መርዘኛ አረም። ነቢዩ የሐሰት መሐላና የውሸት ውል ያፈራውን ፍርድ በእርሱ ይመስለዋል። የእኛም እምቦጭ ዘሩ ከደቡብ አሜሪካ ቢሆንም፣ የሚፋፋው ከማሳ ታጥቦ በሚገባ ማዳበሪያና ከከተማ በሚወርድ ፍሳሽ ነው። ለዚህ ወይም ለዚያ ኃጢአት የተላከ ቅጣት ነው ልል አልደፍርም፤ ነቢይ አይደለሁም። ሰው የዘራውን እንደሚያጭድ ግን ሆሴዕ በግልጽ ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ፍርድን ብቻ ይዞ የሚወጣ ሰው መጽሐፉን አልጨረሰም። ባለቤታቸው ዓሣ አስጋሪ የሆኑ አንዲት እናት ከጸሎት በኋላ አስቁመውኝ፣ «ፓስተር፣ ጌታ ትቶን ይሆን?» አሉኝ። ቁጭ ብለን 11፥8ን አነበብን። እግዚአብሔር እዚያ ኤፍሬምን እንደ አዳማና እንደ ሲባዮ ለማድረግ አንጀቱ እንዳልቻለ ይናገራል። (የእኛዋ አዳማ አይደለችም፤ ከሰዶምና ከገሞራ ጋር የጠፋችዋ ናት፤ ዘዳ. 29፥23።) በዕብራይስጡ ስለ እግዚአብሔር ልብ የተጻፈው ግስ «ሃፋክ» ነው፤ መገልበጥ ማለት ነው። በዘፍጥረት 19፥25 ሰዶም ስትገለበጥ የተጻፈውም ያው ግስ ነው። በከተማይቱ ላይ መድረስ የነበረበት መገልበጥ በእግዚአብሔር በራሱ ልብ ውስጥ ሆነ!

ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ «እሱም ታመመ ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ እናቴ፤ መስቀሉ ላይ ደግሞ በዓይን ታየ» አልኳቸው።

የእግዚአብሔር ልብ መታወክ ፍርዱን አላስቀረም። ሰማርያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ በአሦር እጅ ወድቃለች፤ ሕዝቡም ተማርኮ ሄዷል። ምሕረት ስንሰብክ ይህን መዝለል የለብንም። ነገር ግን ሆሴዕ ልጁን «ሎዓሚ» ብሎ እንዲሰይም ያዘዘው፣ ማለትም «ሕዝቤ አይደለህም» ያለው አምላክ፣ ያንኑ ስም ራሱ ሲሽረው እናያለን። ጳውሎስ በሮሜ 9 ላይ ይህን ተስፋ ለአሕዛብም አደረገው። እንግዲህ ሎዓሚ ጎረቤታችን ብቻ አይደለም፤ እኛም ነበርን። «ቸው» ለማለት አፋችንን ስንከፍት ይህ ትዝ ይበለን።

በሚቀጥለው ረቡዕ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ሆሴዕን እንጀምራለን። ሽማግሌዎቹ፣ ብዙ ቤት ኀዘን ስላለ ከምዕራፍ 11 እንነሣ ብለው ነበር። ሐሳባቸው ይገባኛል። እኔ ግን ካህናቱ ከተከሰሱበት ከምዕራፍ 4 እንጀምር ብያለሁ፤ በመጀመሪያው ምሽትም አስቀድመን ለንስሐ የምንንበረከከው እኛ አገልጋዮች ነን። የቻላችሁ አብራችሁን ጸልዩ።